ብቻውን የሚጫወተው ልጅ ከማን ጋር ይጫወታል?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ናይሮቢ በሚገኘው በእህቴ ቤት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ፣ ወሬው ወደ ልጆች አስተዳደግ አዘነበለ። ከሳሎኑ ማዶ፣ በሩ ገርበብ ባለው ክፍል፣ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ደርድሮ፣ ጠጠር ቆጥሮ፣ አንዳንዴ ግንባሩን ቋጥሮ አንዳንዴም ፈገግ ብሎ ይጫወታል። ከእርሱ በቀር በክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። አንድ የማከብራቸው አዛውንት በአገጫቸው ወደዚያ እያመለከቱ፣ «ብቻውን የሚስቅ እብድ ይባላል፤ ብቻውን የሚጫወትስ ምን ሊባል ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁትም ያ ሳቅ ስላሳፈረኝ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ጨዋታው «ማርቭል ቻምፒየንስ» ይባላል፤ ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ በኮሚክስ መጻሕፍት ልዕለ ጀግኖች ላይ የተመሠረተ የካርታ ጨዋታ ነው። ከአንድ እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይጋጠሙም፤ ተጋጣሚያቸው ከተበወዘ ክምር በየዙሩ እየተገለጠ የሚመጣ ካርታ ነው። ስለዚህም አንድ ሰው ብቻውን ሊጫወተው ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ብቸኛም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ሌጀንደሪ» እና በ2020 የወጣው «ማርቭል ዩናይትድ» ለአንድ ተጫዋች የሚሆን መንገድ አላቸው።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው። ብቻ መጫወትና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። ልጁ ብቸኛ ከሆነም፣ ብቸኛ ያደረገው ጨዋታው ሳይሆን እኛ ነን።

በመጀመሪያ «ብቻውን» የሚለውን ክስ እንመልከት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ስለ እንጀራ የተነገረ ነውና። ለሌላው የሚደርሰውን ሸሽጎ መጉረስ ነውር ነው። ልጁ ግን ከማን አፍ ነጠቀ? ገበጣ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሰንጠረዥም እንዲሁ። በእነዚህ የለመደ ዓይን ባዶ ወንበር ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በዐቢይ ጾም ሌሊት በገናውን የሚደረድር ሰው ከማን ጋር ይደረድራል? የቅኔ ተማሪስ? ቅኔ ቆጠራ ሲወጣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ለራሱ እያጉተመተመ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። የማያውቀው መንገደኛ ቢያየው ያበደ ይመስለዋል። ተማሪው ግን የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይገሥጻል፣ ሲያምርም ያደንቃል። እንግዲህ ከዛፉ ሥር ያለው ብቸኝነት የመንገዱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ተማሪው ሲመለስ የሚጠብቀው ጆሮ ነው። የቅኔ ተማሪውን ከእብድ የሚለየው ያ ጆሮ መኖሩ ነው።

ለነገሩ በዚያ ቤት ከሳቅነው መካከል ስንቶቻችን ነን፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር በየቢሯችን የገባውን «ሶሊቴር» የተባለ የካርታ ጨዋታ፣ አለቃ ሲመጣ እየሸፈንን ስንጫወት የኖርነው? እኛም ብቻችንን ነበርን። ልዩነቱ እኛ ደመወዝ ይከፈለን ነበር።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ያለ ነው። «ልዕለ ጀግና ማለት አንድ ሰው ሁሉን የሚያድንበት ተረት ነው። ልጅ ይህን ተረት ብቻውን ተቀምጦ ደጋግሞ ከተጫወተው፣ አዳኝ ከሰማይ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ፣ ወይም አዳኙ እኔ ነኝ የሚል ሰው ሆኖ ያድጋል» ይላሉ። ራሱን ብቸኛ አዳኝ ያደረገ ሰው ምን እንደሚያስከፍል የዚህ ቀጠና ሰዎች በሚገባ እናውቃለንና፣ ክሱን አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ካርታዎቹን ገልጦ ያላነበበ ሰው ክስ ነው።

ተጫዋቹ የሚይዘው ጀግና ሁለት ገጽ አለው። በአንዱ ጭምብል ያጠለቀው ስፓይደርማን አለ፤ በሌላው ፒተር ፓርከር የተባለው ተራ ወጣት። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ገጹን መገልበጥ ይፈቀዳል። ጭምብሉን አጥልቆ ከቆየ ጠላት ይመታዋል። አውልቆ ካረፈ ቁስሉ ይሽርለታል፤ ጠላት ግን በዚያው ጊዜ ሴራውን ይጎነጉናል። ራይኖ የተባለው የመጀመሪያው ጠላት አንድ ተጫዋች ሲገጥመው በመጀመሪያው ደረጃ 14፣ በሁለተኛው 15 የሕይወት ነጥብ አለው። በአንጻሩ ሴራው ላይ 7 ጠጠር ከሞላ ጨዋታው በሽንፈት ያበቃል፤ አንድ ጠጠር ደግሞ ማንም ሳይጠራው በየዙሩ ይጨመራል። ሁልጊዜ የሚዋጋ ይሞታል፤ ሁልጊዜ የሚያርፍም ይቀደማል። ጠቃሚ ካርታ ለማውጣት ብዙውን ጊዜ በእጅ ያለ ሌላ ጠቃሚ ካርታ መጣል ግድ ነው። አጋሮች ይመጣሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በተዋጉ ወይም ሴራ ባከሸፉ ቁጥር ራሳቸው ይቆስላሉ። የሰውን ርዳታ ያለ ዋጋ መውሰድ አይቻልም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «ግዴታ» የሚባለው ካርታ ነው። እያንዳንዱ ጀግና አንድ አንድ አለው፤ ከጠላት ካርታዎች ጋር ተበውዞ ይጠብቃል። የፒተር ፓርከር ግዴታ ቤት ልቀቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው! ጠላት ከተማ እያፈረሰ ሳለ አከራዩ ይመጣል። ጉዳዩን ለመጨረስ ጭምብሉን አውልቆ ያለውን አቅም መገበር አለበት፤ ችላ ካለውም ይቀጣል። ጠበቃዋ ሺ-ሀልክ የሕግ ሥራ አለባት። የዋካንዳው ንጉሥ ቲቻላ የመንግሥት ጉዳይ ይጠብቀዋል። ሁሉን ቻይ አዳኝ የሚሰብክ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ፣ ጀግናውን በኪራይ ባላስጨነቀው ነበር። ልጁ በየምሽቱ የሚማረው፣ ጀግናም ቢሆን ቤት እንዳለው፣ እንደሚደክም፣ ምርጫው ሁሉ ዋጋ እንዳለው ነው። ይህን ትምህርት ለባለሥልጣናት በነጻ ማደል በተቻለ!

ሦስተኛው ክስ «የፈረንጅ ነው» የሚል ነው። አዎን፣ ነው። ዋካንዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠሯት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የካፒቴን አሜሪካ ፊልም ውስጥ የታየው የመልክዓ ምድር ካርታ ይህቺን የምናብ አገር ያስቀመጣት ከቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚቀራረቡበት ምድር ላይ ነው። የኦሞ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ስፍራ መሆኑ ነው። በእውነተኛው ዓለም በዚያ አካባቢ ዳሰነች፣ ኛንጋቶምና ቱርካና የተባሉ ሕዝቦች ከብታቸውን ያረባሉ፤ የሚጨነቁትም ስለ ውሃና ስለ ግጦሽ እንጂ ቪብራኒየም ስለተባለው የምናብ ማዕድን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ብቅ ያለችው ስቶርም የተባለችው ጀግናም በኮሚክሱ ታሪክ እናቷ ኬንያዊት ልዕልት ናት። ሳይጠይቁን ስለ እኛ አልመዋል ብሎ የሚቆጣ ሰው ቁጣው ፍትሐዊ ነው።

ጥያቄው ግን ከቁጣው በኋላ ምን እናድርግ የሚለው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ዋካንዳ አለች፤ ኦሞ የለም። ልጁ የዋካንዳን ንጉሥ በእጁ ይዞ ሳለ፣ ያ ምድር የእውነት ስም እንዳለው፣ የእውነት ሰዎች እንደሚኖሩበት ማን ይንገረው? ካርታው አይነግረውም። ሊነግረው የሚችለው አጠገቡ የተቀመጠ አዋቂ ነው። ሌሎች የተሻለ መልስ ሰጥተዋል። ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደችው ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2018 የቲቻላን እህት የሹሪን ታሪክ ለማርቭል በተከታታይ ጽፋለች። ተቆጥታ ሣጥኑን አልዘጋችም፤ ብዕሯን አነሳች።

ልጅን ከጨዋታው ጋር ሳይቀመጡ መክሰስ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክስ የአሜሪካን ልጆች እያበላሸ ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ አሳታሚዎቹም ፈርተው ራሳቸውን የሚገድቡበት ደንብ አወጡ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የሐኪሙን የግል ሰነዶች መርምራ፣ ልጆቹ የተናገሩትን ለክሱ እንዲመች አድርጎ እንዳዛባው አሳየች። የልጁን ቃል ከልጁ አፍ አለመስማት ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

አሁን ወደዚያ ምሽት ልመለስ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ወንበር ስባ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው፣ የኔ ልጅ?»

ልጁ ሊያስረዳት ሞከረ። «እማማ፣ ይሄ... ይሄ መጥፎው ሰውዬ ነው፤ እና እሱ...» አለ። ከዚያ ቃሉ ጠፋው። እንግሊዝኛው መጣ፤ አያቱ አልገባትም፤ ልጁም ዝም አለ። ያን ዝምታ አየሁት። ብቸኝነት ያ ነበር። ካርታውን ሲበውዝ ብቸኛ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ለሚወዳት ሰው መንገር ሲያቅተው ግን ብቸኛ ሆነ። አማርኛውን ያላወረስነው እኛ ነን፤ «ቤት ግባና ተጫወት» ብለን በሩን የዘጋነውም እኛ ነን። ከዚያ ተመልሰን ብቻውን ተቀመጠ ብለን ሳቅንበት።

እኔ ኑሮዬ በትርጉም ነው። የኩባንያ ውል፣ የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የመድኃኒት መግለጫ ስተረጉም ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ጨዋታ አንዲት ቃል ለመተርጎም ግን እስከዚያች ምሽት አስቤ አላውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኩላት። መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ሴራ፣ ማክሸፍ፣ አጋር፣ ግዴታ። ዜና እየሰማ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ቤት ልቀቅ የሚለው ካርታ ሲወጣ እናቴ እጇን አጨበጨበች። «ኪራይ ያልከፈለ ጀግና! በል መጀመሪያ ቤቱን ያስተካክል!» ልጁ ምክሯን ሰማ፤ ጭምብሉን አወለቀ፤ ሴራው ሞላና ተሸነፈ።

«አስጠቃሁህ» አለችው አዝና።

«ግዴለም፣ እማማ። እንደገና እንበውዝ» አላት። «መበወዝ» የሚለውን ቃል የሰማው ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር።

እርግጥ ነው፣ ብቻውን መሆን የሚያዘወትር ልጅ ሁሉ ደኅና ነው አልልም። በሐዘን ወይም በፍርሃት ከሰው የሚሸሽ ልጅ አለ፤ ለይቶ ማወቅ የወላጅ ፈንታ ነው። ለይቶ ለማወቅ ግን መቅረብና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከሳሎን ሆኖ በአገጭ ማመልከት አይበቃም። ሣጥኑ ርካሽ እንዳልሆነና አሳታሚው በየጊዜው ተጨማሪ ጥቅል እያወጣ ኪስ እንደሚያራቁትም አልክድም። ሁሉም ሰው ይጫወት የሚል ስብከትም የለኝም። የምለው ይህን ነው፤ ልጁ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፤ የቆጠረውን ይዞ ሲመለስ ግን የሚሰማው ሰው ቤት ይኑር፤ የሚነግርበት ቋንቋም ይኑረው።

እርስዎ አባቴ፣ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡት አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ስንጠጣ ወደ ክፍሉ ዘልቀው ልጁን ምን እንደሚጫወት ይጠይቁት። ከጎኑ ያለው ወንበር ለእርስዎም ይሆናል። ቃል ካጠረው እኔ አለሁ፤ ሥራዬ ነው።