«ወጥቷል» ማለት ብቻ አይበቃም!

ቡናውን ሸጦ ከሰኮሩ ጅማ ድረስ አባቱን ለጨጓራ ካንሰር ቀዶ ጥገና ያመጣ ልጅ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ወጣለት?» «ወጥቷል» ይባላል፤ ደስ ብሎት ይመለሳል።

ግን ካንሰሩ በጨጓራ ዙሪያ ባሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ይደበቃል። ያላበጠ ንፍፊት እንኳ ሊይዘው ይችላል፤ ዓይን አያየውም፣ ማይክሮስኮፕ እንጂ። ለዚህ ነው ቢያንስ 16 ንፍፊት ይመርመር የሚባለው። ሦስት አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት ሦስት ፍሬ አይቶ ጆንያ ሙሉ ቡና አንደኛ ደረጃ ነው እንደማለት ነው።

በኔዘርላንድስ ጥናት ከ15 ዓመት በኋላ በካንሰሩ የሞቱት ንፍፊታቸው በሰፊው ከወጣላቸው 37 በመቶ፣ በጠባቡ ከወጣላቸው 48 በመቶ ነበሩ። እርግጥ ሰፊው ቀዶ ጥገና ራሱ በጊዜው ብዙ ሰው ገድሏል፤ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

«ፓቶሎጂስት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው። ቆጥሮ መጻፍ ግን በጀት አይጠይቅም። ስንት ወጣ? በስንቱ ካንሰር ተገኘ? ካልተመረመረም «አልተመረመረም» ተብሎ ይጻፍ። ኬሞ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ቁጥሩ የሕመምተኛው መብት ነው!