ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው መልሱንም ያውጣ



በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ሠራተኛው በስልኩ የሒሳብ ጥያቄ እየተላላከ «እስቲ ሞክረው!» ሲባባል ማየት የተለመደ ሆኗል። ነገሩን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ ከሐሜት የሒሳብ ክርክር እጅግ ይሻላል። የምነቅፈው አጠያየቁን ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ብዙ ሰው ያከራከረችው 8÷2(2+2) የምትባለው ጥያቄ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። አንዱ 16 ነው ይላል፤ ሌላው 1 ነው ብሎ ይምላል። ዳሩ ግን ጠቡ የአጻጻፍ እንጂ የሒሳብ አይደለም። ጠያቂው (8÷2)(2+2) ወይም 8÷(2(2+2)) ብሎ ጥቂት ቅንፍ ቢጨምር ኖሮ የሚከራከር ባልተገኘ ነበር። ሆን ተብሎ የተድበሰበሰ ጥያቄ ወጥመድ ነው። በዚህ የተዋረደ ተማሪ ክፍል ገብቶ «ሒሳብ ማታለያ ነው» ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት?

የስዊሱ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ በ1696 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለአውሮፓ ሊቃውንት ያቀረበው ጥያቄ እንዲህ አልነበረም። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅና ወደ ጐን ያለ ሁለት ነጥብ አለ እንበል። አንዲት ብይ በገዛ ክብደቷ ከላይኛው ወደ ታችኛው ፈጥና እንድትደርስ መንገዷ ምን ዓይነት መሆን አለበት? ቀጥተኛው መንገድ አጭር ቢሆንም አይቀድምም። የሚቀድመው መጀመሪያ ቁልቁል የሚወርደው ጐባጣ መስመር ነው፤ ይኸውም መንኰራኩር ሲንከባለል በጠርዙ ላይ ያለች ነጥብ የምትሥለው መስመር ተገልብጦ ማለት ነው። በርኑሊ የስድስት ወር ቀጠሮ ሰጠ፤ ሌብኒዝ ቢጠይቀው ደግሞ እስከ ፋሲካ አራዘመው። ኒውተን ስሙን ሳይጽፍ መልሱን ላከ። በርኑሊ ትዕቢተኛ ሰው ነበረ፤ ከገዛ ወንድሙ ከያዕቆብ ጋር እንኳ አይስማማም ነበር። ሆኖም የሁለቱም ወንድማማቾች መልስ ከነአሠራሩ በ1697 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ከያዕቆብም አሠራር አዲስ የሒሳብ ክፍል በቀለ።

የእኛም እንቆቅልሽ ሥርዓት አለው። መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይናገራል። የስልኮቹ ጠያቂዎች ግን አገሩን ወስደው ዝም ይላሉ!

ስለዚህ ጧት ጥያቄ የላከ ሰው ማታ ከሥራ ሲወጣ መልሱን ከነአሠራሩ እንዲልክ፣ «ይህን ያልመለሰ ደንቆሮ ነው» የሚለውንም ቃል እንዲተው በትሕትና እለምናለሁ። ስልኩን ማታ ቤት ውስጥ ልጆችም ያነቡታል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር