ልጄ ኤሌክትሪሺያን ይሁን ለምትሉ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ ልጃቸውን አስከትለው ቤቴ መጡ። ልጁ የማለፊያ ነጥብ አልመጣለትም። እናቱ ሁለት የኮሌጅ ማስታወቂያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ጋሼ፣ ይኼኛው በኤሌክትሪክ እስከ ደረጃ 4 ያስተምራል፤ ያኛው ደረጃ 2 ብቻ ነው። ባለ 4ቱ ይሻላል አይደል?» አሉኝ። ወደ ልጁ ዞሬ «የሕንፃ ኤሌክትሪክ ነው የፋብሪካ የምትፈልገው?» አልኩት። ዝም አለ። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን እስከዚያች ቀን የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ካለፉት ተማሪዎች ቁጥር መረዳት እንደሚቻለው፣ በ2014 ዓ.ም. ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነው። በየዓመቱ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ሌላ በር ይፈልጋል ማለት ነው። ቴክኒክና ሙያ ዋናው በር ነው። እኛ ግን ለእነዚህ ልጆች የመመዝገቢያውን ቀን ከመንገር አልፈን ምን እንደሚመርጡ አላስተማርናቸውም።

ለጎረቤቴ የነገርኳቸውን እዚህም እደግመዋለሁ። መጀመሪያ ሥራው ይመረጥ፤ ደረጃው ከሥራው በኋላ ይመጣል። ኮንዱይት ቀብሮ፣ ሽቦ ስቦ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ አዲስ ሕንፃን ብርሃን የሚያደርገው ሰው አንድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የቆመ ሞተር ለምን እንደቆመ ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ አንብቦ የሚያስነሳው ሌላ ነው። የፀሐይ ኃይል ፓነልና ባትሪ የሚተክለውም ሦስተኛ ነው። መሠረታቸው አንድ ቢሆንም የእጃቸው ልምድ ለየቅል ነው። ከፍታ የሚፈራ፣ አቧራ የማይወድ፣ ነገር ግን ስዕል አንብቦ ብልሽት መፈለግ የሚያስደስተው ልጅ ሕንፃ ላይ ተልኮ በሁለት ዓመት ሙያውን ሲጠላ አይቻለሁ። ደግሞም «እስከ ደረጃ 4» የሚለው ማስታወቂያ በራሱ ዋስትና አይደለም። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሻግረው በያዙት ደረጃ የብቃት ምዘናውን ማለፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሦስት ወረቀቶችን ያምታታል። ኮሌጁ የሚሰጠው ማስረጃ ልጁ መማሩን ይናገራል። ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና ማረጋገጫ ደግሞ ያላስተማረው ሰው እጁን አይቶ «ብቁ» ማለቱን ይመሰክራል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሰማሩ ባለሙያዎችና ተቋራጮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባለው፣ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ነው። መነሻውም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ይቆማል፤ ምርቃት ተደርጎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ከሦስቱ በጣም ሊለፋበት የሚገባው ሁለተኛው ነው። ምክንያቴን በራሴ ቤት ከደረሰው ልናገር።

ከዓመታት በፊት ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር። አከራዩ አንድ የሰፈር መብራት ሠራተኛ አመጡ። እጁ ፈጣን ነው፣ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ናስትሮው እንኳ ተስተካክሎ የተጠቀለለ ነው። 16 አምፔሩን ብሬከር አውልቆ በ40 ተካውና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ አልወረደም፤ ሁላችንም መረቅነው። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ ሳለ የተቃጠለ ፕላስቲክ ጠረን ግቢውን ሞላው። ግድግዳው ሲከፈት ሽቦው ልባሱ ቀልጦ፣ መዳቡ ጠቁሮ ተገኘ።

የሆነው ይህ ነው። ምጣድ እንደ ዓይነቱ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ምጣዱ የተሰካበት መስመር ለአምፖል የሚዘረጋው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀጭን ሽቦ ነበር። ብሬከሩ ሲወርድ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነውና። ትልቅ ብሬከር ሲገባ ጠባቂው ተነሳ፣ ሽቦውም በፊውዝ ፈንታ ራሱ ነደደ። መፍትሔው ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሰሌዳ መሳብ፣ ልኩን ብሬከር መግጠም፣ ኧርዙንም አብሮ ማስገባት ነበር። ሰውዬው ሰነፍም አጭበርባሪም አልነበረም። «ብሬከር የሚጠብቀው ምንን ነው?» ብሎ የጠየቀው መዛኝ ግን በሕይወቱ አላጋጠመውም።

ስለዚህም በልምድ ለሠለጠኑ ወንድሞችና እህቶች የምለው አለኝ። ፒንሳና ካቻቪቴ ተሸክመው ከአንድ አለቃ ሥር ለዓመታት ያደጉ እጆች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ከማንም ኮሌጅ ምሩቅ የሚበልጡም አሉባቸው። ምዘናው ለእነሱም ክፍት ነው። ክፍል ገብቶ ከ«ሀ» መጀመር ሳያስፈልግ ተመዝግቦ መመዘን ይቻላል። «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ውጤት ቢመጣም የጎደለውን ሞልቶ መመለስ ነው፤ ውርደት የለበትም። በአንጻሩ መዛኙ ፊርማውን የሚያኖረው ሽቦው ሲገናኝ ቆሞ ሳያይ ከሆነ፣ ያ ፊርማ የሰው ቤት ያቃጥላል። መንግሥት በዚህ ላይ ቸልታ ሊኖረው አይገባም።

ኮሌጅ መምረጥን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሬጅስትራር ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ወርክሾፑን እዩ። ዕውቅናው ለዚያ ሙያ፣ ለዚያ ደረጃና ለዚያ ቅጥር ግቢ መሆኑን ጠይቁ። የትብብር ሥልጠናው በየትኛው ድርጅት እንደሚሰጥም ስሙን አስጠሩ፤ አብዛኛው ሥልጠና ሥራ ቦታ ላይ እንዲሆን የታሰበው በከንቱ አይደለም። ልጁም የሠራበትን ቦታ፣ ሰዓትና የሥራ ዓይነት በደብተር ይመዝግብ፣ አለቃውን ያስፈርም። ነገ ወደ ውጭ ቢሄድ እንኳ ይጠቅመዋል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ወይም ከተማው ሲሆን በብዙ ግዛቶች 8,000 ሰዓት ገደማ የተመሰከረ ሥራ ይጠየቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ዛሬም ግን ልጃችንን ወደ ሙያ የምንልከው ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ባለሙያ የሚጠብቀው ሥራ ብዙ ነውና። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ግን ገና መብራት አላገኘም። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የመኪና ቻርጀር የሚተክል ባለሙያም በየሰፈሩ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ሽቦ በሠለጠነ እጅ መዘርጋት አለበት።

የጎረቤቴ ልጅ የሁለቱንም ኮሌጆች ወርክሾፕ አይቶ ባለ ደረጃ 2ቱን፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክን መረጠ። እናንተም ቤታችሁን ሊሠራ የመጣውን ሰው ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የብቃት ማረጋገጫውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።