አረፋው አያታልለን

ከተማሪዎቼ አንዱ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ጠጋ ብሎ፥ «መምህር፥ በሳምንት ሦስት ቀን ጠጉሬን በሻምፖ እታጠባለሁ፤ ፎረፎሩ ግን ከትከሻዬ አልጠፋ አለ፤ ምን ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ስለሳቁበት ከኋላ ወንበር ብቻውን መቀመጥ እንደ ጀመረ አይቼ ነበር። ሻምፖው ምን ዓይነት እንደሆነ ብጠይቀው፥ «አረፋው ብዙ ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል» አለኝ። አንባቢዎች ሆይ፥ እኛስ ብንጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ እንሰጥ ይሆን?

ሻምፖ ሁሉ አንድ አይደለም። ሳሙና የሚሠራው ስብ ወይም ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ካልሲየምና ማግኔዥየም በበዛበት ውሃ ግን የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና ጠጉር ላይ ይቀራል። የዛሬው ሻምፖ አብዛኛው በሌላ ማጽጃ የተሠራ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። የማጽጃው ቅንጣት አንዱ ጫፍ ውሃን፥ ሁለተኛው ጫፍ ቅባትን ይወዳል፤ ስለዚህ ቅባቱን ከነእድፉ ይዞ ከውሃው ጋር ይወርዳል።

ከማጽጃዎቹ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ብርቱ ነው፤ የራስን ቆዳ ሊያደርቅ ይችላል። ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ከእርሱ ይለዝባል። ከኮኮናት ዘይት የሚገኘው ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ደግሞ ብርታታቸውን ለማለዘብ ይጨመራል። አረፋ ብቻውን የንጽሕና መለኪያ አይደለም፤ የሻምፖውም ውፍረት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተራ ጨው ነው።

«የተፈጥሮ ይሻላል» የሚልም አይጠፋም። እንዶድ የሚያርፈው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አግኝተዋል። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ፎረፎሩ ስንመለስ፥ ዋናው ምክንያት እድፍ አይደለም። በሁላችንም ራስ ላይ የሚኖር፥ በቆዳችን ቅባት የሚመገብ ማላሴዚያ የሚባል ረቂቅ ፈንገስ አለ፤ ቆዳቸው በእርሱ የሚቆጣባቸው ሰዎች ናቸው ፎረፎር የሚያወጡት። ተራ ሻምፖ ቅርፊቱን ያነሣል እንጂ ፈንገሱን አይነካም። ለዚህ የሚሆነው ኬቶኮናዞል ወይም ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፖ ነው፤ እርሱም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በራስ ላይ ቆይቶ መታጠብ አለበት። ቆዳው ከቆሰለ ወይም ጠጉሩ ከተነቀለ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

እንግዲህ ከደመወዛችን ቀንሰን ስንገዛ ከፊት ያለውን ሥዕል ትተን የጠርሙሱን ጀርባ እናንብብ፤ በብዛት የገባው ንጥረ ነገር ፊተኛ ሆኖ ይጻፋል። በጓደኛቸው የሳቁትም ተማሪዎች ይህን ይወቁ፤ ፎረፎር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍምና አጠገቡ ለመቀመጥ አይፍሩ።