የምድር ትልና የጓዳ ጥራጊ

ትል ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን እናዞራለን። ይሁን እንጂ ይህ የተናቀ ፍጥረት ለአፈር የሚሰጠውን አገልግሎት ሊቃውንት ከመረመሩት ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1881 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምድር ትል አፈሩን በሆዱ እያሳለፈ ሲያገላብጠው እንደሚኖር በሰፊው ገልጾአል።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋው አገራችን ማገዶ ያጣ ገበሬ ለማሳው የሚገባውን እበት ኩበት አድርጎ ያነደዋል። በከተማ ደግሞ ከየጓዳው የሚወጣው ልጣጭና ትርፍራፊ ከላስቲክና ከጠርሙስ ጋር ተደባልቆ ይጣላል። የጥራጊ ክምር የሚያመጣውንም አደጋ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ባለቁ ጊዜ በመሪር ኀዘን አይተናል። እንግዲህ መሬት የተራበውን ምግብ እኛ በከንቱ እንጥላለን ማለት ነው።

ከሚበጁት መፍትሔዎች አንዱ ቀይ ትል ማርባት ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥላ ባለበት ስፍራ ሣጥን አዘጋጅቶ፣ ገለባና የሰነበተ እበት ጎዝጉዞ፣ ትሉን ማኖርና የአትክልት ልጣጭ እየጨመሩ መመገብ ነው። ትኩስ እበት ስለሚግል ትሉን ይፈጀዋል፤ ውሃም ሲበዛ ያፍነዋል። ሥጋ፣ ዘይት፣ ጨውና ሎሚ አይስማሙትም። ከዶሮና ከጉንዳንም መጠበቅ አለበት። በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ጥራጊው ጥቁርና ፍርፍር ያለ ማዳበሪያ ይሆናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሥራው በሰፈር ቢያዝ ይቀላል። እናቶችና ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በማኅበር ቢሆኑ ማዳበሪያውን ለአትክልተኛ፣ ትሉን ለጀማሪ እየሸጡ ኑሮአቸውን ሊደግፉ ይችላሉ።

ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ትል ላስቲክ አይበላም፤ የባትሪ ድንጋይ መርዝም አያጠፋም። ከተደባለቀ ጥራጊ የሚገኝ ማዳበሪያ አፈርን ያቆሽሻል እንጂ አያጠራም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከትሉ ሣጥን ሳይሆን ከየጓዳችን ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለይቶ ያውጣ። ማዘጋጃ ቤቶችም ለመናፈሻና ለመንገድ ዳር ዛፎች የሚሆን ማዳበሪያ ከእነዚህ ማኅበራት ቢገዙ፣ የተጀመረው ሥራ ገበያ አጥቶ አይቀርም።

ያበላንን አፈር መልሶ ማብላት የሁላችንም ግዴታ ነው።