«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በዓለም ከተማ ተወልዶ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል እያየ ላደገ ተማሪ፣ ስለ አሮጌ መርከቦች መረጃ ማሰባሰብ የቅንጦት ሥራ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን አይመስለንም። የእንግሊዞቹ «ኩዊን ሜሪ» እ.ኤ.አ. በ1967 ከጉዞ ብትሰናበትም ዛሬም በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ ቆማ ትታያለች። የባሕር ኃይላችን መርከብ «ኢትዮጵያ» ይህ ዕድል አልገጠማትም። እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ የጀመረችው ይህች መርከብ በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን በውሰት ተሰጥታ ዕጩ መኮንኖችን ስታሠለጥን ኖረች፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ 2,750 ቶን ያህል ነበር። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ለመንሳፈፍ ይህንኑ ያህል ክብደት ያለው ውሃ መግፋት ነበረባት፤ ይህም በጨዋማው ባሕር 2,680 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። (ጣና ላይ ብትሆን ኖሮ 2,750 ሜትር ኩብ ስለሚያስፈልጋት ጥቂት ጠለቅ ትል ነበር።) ተማሪዎቻችን ይህን ስሌት ከባዕድ መጽሐፍ በተቀዳ ምሳሌ ከሚሠሩት ይልቅ በገዛ አገራቸው መርከብ ቢሠሩት እንመርጣለን።

መርከቧ የለችም፤ ያገለገሉባት ባሕረኞች ግን ሁሉም አላለፉም። በአካባቢያችሁ አንድ ጡረተኛ ባሕረኛ ካሉ በዚህ ክረምት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ፎቶግራፋቸውን ቅዱ፤ ማዕበል ሲነሣ መርከቧ ምን ያህል ታዘነብል እንደነበር፣ የሞተር ክፍሉም ሙቀት እንዴት ይቻል እንደነበር ከአንደበታቸው መዝግቡ።