በሰው መብት ላይ ስንከራከር የሚታመመው ማን ነው?

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም የምጽፈው። ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ክርክር ነው። ርዕሱ ብዙዎቻችሁን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ። ውጭ ያላችሁ ተከታታዮቼ ጉዳዩ በድምፅ መስጫም፣ በልጆቻችሁ ትምህርት ቤትም፣ በሥራ ቦታም ይገጥማችኋል። ሀገር ቤት ያላችሁም በስልካችሁ ላይ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ስለዚህ "ምን አገባው?" አትበሉኝ፤ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ያገባኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አንድ አገር ምሳሌ ልውሰድ፤ አውስትራሊያ። በ2017 መንግሥት ለመራጮች በሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ያለበት ወረቀት በፖስታ ላከ። ጥያቄው ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች እንዲጋቡ ሕጉ ይቀየር ወይስ አይቀየር የሚል ነበር። ዜግነት ወስደው ለምርጫ የተመዘገቡ የሜልቦርን ኢትዮጵያውያንም ወረቀቱ ደርሷቸዋል። መመለስ ግዴታ አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ከመራጮቹ 79.5% የሚሆኑት መለሱ። 61.6% "ይቀየር"፣ 38.4% "አይቀየር" አሉ። ታኅሣሥ ላይ ፓርላማው ሕጉን አጸደቀ። አንድ የሃይማኖት አገልጋይ እምነቱ የማይፈቅደውን ጋብቻ እንዲፈጽም እንደማይገደድም በሕጉ ላይ ሰፈረ።

ውጤቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ማውራት የምፈልገው ከዚያ በፊት ስለነበሩት ወራት ነው።

በእነዚያ ወራት ቴሌቪዥኑ፣ ፌስቡኩ፣ የመንገድ ላይ ማስታወቂያው ሁሉ ስለ እነዚህ ሰዎች ሆነ። ቤተሰባቸው ቤተሰብ ነው ወይስ አይደለም? ልጅ ያሳድጉ ወይስ አያሳድጉ? መንግሥት ራሱ ጉዳት እንደሚመጣ ስለገመተ፣ በዘመቻው ወቅት ስድብንና ማስፈራራትን የሚከለክል ጊዜያዊ ሕግ አወጣ። በኋላ የተደረገ ጥናትም የፍርሃቱን እውነትነት አሳየ። ስለ እነሱ የሚነገረውን ክፉ ነገር ደጋግመው ያዩና የሰሙ ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክት በብዛት ታየባቸው። የቅርብ ሰዎቻቸው ከጎናቸው የቆሙላቸው ግን ጉዳታቸው ያነሰ ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

"አንድ ጥናት ምን ያረጋግጣል?" ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ስለዚህ ሁለት ከአሜሪካ ልጨምር።

1ኛ. በ2004 እና በ2005 በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች በሕዝብ ድምፅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕገ መንግሥታቸው አገዱ። ተመራማሪዎች ከ34,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትን መረጃ ከእገዳው በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። እገዳ በወጣባቸው ግዛቶች በሚኖሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የስሜት መታወክ ሕመሞች በ36.6% ጨመሩ። የአልኮል ችግር በ41.9% ጨመረ። ሥር የሰደደ ጭንቀት ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። እገዳ ባልነበረባቸው ግዛቶች እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም።

2ኛ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ከ1999 እስከ 2015 ያለውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መረጃ መረመረ። ጋብቻውን በፈቀዱ ግዛቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ተማሪዎች መጠን በ7% ቀነሰ። ከተማሪዎቹ መካከል የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወይም ተመሳሳይ የሆኑት ጋ ቅናሹ 14% ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ሊያገቡ አይደለም፣ ገና ተማሪዎች ናቸው። የተለወጠው የሚኖሩበት አየር ነው።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች ብቻቸውን መንስኤና ውጤትን መቶ በመቶ አያረጋግጡም። ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ሐኪም ዝም ማለት የለበትም።

ይህ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ይሠራል? ሰው ዛቻ ሲሰማው ሰውነቱ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያመነጫል። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ግፊት ይጨምራል። ለአንድ ቀን ከሆነ ችግር የለውም። ለወራት፣ ለዓመታት ሲሆን ግን ድባቴ፣ የልብ ሕመም፣ ሱስ ያመጣል። ሰውነት "ይሄ ክርክር ብቻ ነው" ብሎ አይለይም።

ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በሜልቦርን፣ ድምፁ ከተሰጠ ከሁለት ወር በኋላ በ2018 መግቢያ ላይ፣ ክርክሩ ወደ "የአፍሪካውያን ወሮበሎች" ዞረ። ፖለቲከኞች ሕዝቡ ማታ ሬስቶራንት ለመሄድ ፈርቷል አሉ። ምንም ያላጠፋ ጥቁር ወጣት ባቡር ላይ ሲገባ ሰው ቦርሳውን ጠበቅ ሲያደርግ ምን እንደሚሰማው የኛ ልጆች ያውቁታል። ጉዳዮቹ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ስሜቱ ግን አንድ ነው፤ ያላወቁህ ሚሊዮኖች ስለ አንተ ሰውነት ሲፈርዱ መስማት። ሁላችንም የሆነ ቦታ አናሳ ነን። እዚህ ብዙ የሆነው፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲወርድ ጥቂት ይሆናል።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። የጥቂቶች መብት የብዙዎች የፈቃድ ማኅተም እስኪመታበት መጠበቅ የለበትም። የአውስትራሊያ ፓርላማ ያንን ሕግ ያለ ፖስታው ማውጣት ይችል ነበር፤ ድምፁ አስገዳጅ እንኳን አልነበረም። የክርክሩን ዋጋ በጤናቸው የከፈሉት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ይህንን ስል ማንም እምነቱን ይቀይር አላልኩም። ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም መስጊዳችሁ ስለ ጋብቻ የሚያስተምረውን መያዝ መብታችሁ ነው። ሆኖም "እኔ በዚህ አላምንም" ማለት ሌላ፣ "እነዚህ ሰዎች በሽተኛ ናቸው፣ ይጥፉ" ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው እምነት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል።

"በሽታ ነው" ለሚሉም አጭር መልስ አለኝ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታ መዝገባቸው አውጥተዋል። ስለዚህ "እናድናለን" የሚል ሰው ጋ ልጃችሁን አትውሰዱ። የሚያድነው በሽታ የለም፤ የሚያተርፈው ተጨማሪ ጉዳት ነው።

ሀገር ቤት ሕጉ ሌላ ነው፤ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱ ያስቀጣል። የሕግ ትንታኔውን ለሕግ ባለሙያ ልተወው። ስለ ክሊኒክ ግን እናገራለሁ። ፍርሃት ሰውን ከምርመራ ያርቃል። የኤችአይቪ ምርመራ የሚፈራ፣ ድባቴውን ለሐኪም መናገር የሚፈራ ሰው ዘግይቶ ይመጣል ወይም ጭራሽ አይመጣም። የሙያ አጋሮቼ፣ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ለምንወደው ታካሚ ብቻ የገባነው ቃል አይደለም።

አሁን ወደዚያች ነጥብ ልመለስ። ሰውን ከክርክሩ ጉዳት የጠበቀው ቅርብ ሰው ነው። በ2009 በአሜሪካ ወጣቶች ላይ በታተመ ጥናት፣ በቤተሰባቸው ክፉኛ የተገፉ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወጣቶች ብዙም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል ያሉበት መጠን 8.4 እጥፍ ነበር። ስለዚህ፦

👉 ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከነገራችሁ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ልጄ ነህ" ወይም "ልጄ ነሽ" ይሁን። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ከቤት ማባረርና መምታት ግን መቼም ቢሆን መፍትሔ አይደለም።

👉 የነገራችሁን ሰው ምስጢር ለዘመድም ለጎረቤትም አታውጡ። ሕይወቱን አደጋ ላይ ልትጥሉ ትችላላችሁ።

👉 እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ ዕቃን ማከፋፈል፣ "ብሞት ይሻለኛል" ማለት ካያችሁ ብቻውን አትተዉት። በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ወይም ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

👉 ይህንን የምታነበው ራስህ ከሆንክ፣ ወይም አንቺ ከሆንሽ፣ ክርክሩን ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ መከታተል ግዴታ አይደለም። ዝጉት። የምታምኑትን አንድ ሰው ፈልጉ።

ሐሳብ መለያየት ይኖራል፤ ይኑር። ቀጥላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። የምትጽፉትን ከሚያነቡት መካከል ስሙን የማታውቁት፣ ምናልባት በእናንተው ቤት ሳሎን የተቀመጠ ልጅ አለ።

ጤና ለሁላችንም! ለሚጠቅመው ሰው አጋሩ።